«የት ዘነበ?» ተብዬ የዋሸሁ ዕለት

ዛሬ ሐይቅ ዳር የሆንኩትን ብነግራችሁ «ሰውዬው ጃጀ» ትላላችሁ።

ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። የልጄ አማት ቪዲዮ ቀርጾኛል። «አልለቀውም፣ ለራሴ ነው» ብሎ ምሏል። በመማሉ ነው የጠረጠርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችንን ከዳርን ወዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ላይ ወጥተን አናውቅምና ዛሬ እንዝናና ተባብለን ሐይቅ ሄድን። ጀልባ ላይ ልንወጣ ስንል ባለጀልባው፣ ጨዋ የሚመስል ጎልማሳ፣ ጠጋ አለኝና በትህትና ጠየቀኝ። ከየት በኩል እንደመጣን፣ እዚያ ነፋስ ይኑር አይኑር ማወቅ ፈልጎ ነው።

ምን ብዬ ብመልስለት ጥሩ ነው?

«ለምን ፈለግከው?»

አዎ! እንደዚህ አልኩት! ሰውዬው በጀልባው ሊያሳፍረኝ፣ ነፍሴን በእጁ ሊይዝ ነው የጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ገላመጥኩት።

ባለቤቴ ዘሐራ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቅ ጀመር። ከዚያ ጀልባው መሀል ሲደርስ «ይሄ ሰውዬ ይህን ነገር ዛሬ የጀመረው እንዳይመስላችሁ» ብላ በደርግ ጊዜ የሠራሁትን ጉድ ለአማቶቻችን ትዘከዝከው ያዘች። ጀልባ ላይ መሸሻ የለም። ተቀምጬ ሰማሁ።

የእሷ አተራረክ ላይ የተጋነነ አለ። እኔ ልክ ልኩን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ፍረዱ።

በዚያ ዘመን ከሚሴ ነበርኩ። ሥራዬ የጭነት መኪና ረዳት ነው። የጋሽ ተሾመ ኤንትሬ ላይ። ወደ ላይ ወደ ኮምቦልቻ ማሽላ ይዘን እንወጣለን፣ ወደ ታች ጨውና ላምባ ጭነን እንመለሳለን። ከሚሴ ማንም አያውቀኝም ብዬ አስብ ነበር። ደስ የሚለኝም እሱ ነው።

ምክንያቱም ሸሽቼ ነው የመጣሁት።

የተወለድኩት ሐይቅ ከተማ ነው። እዚያ ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና ስሜን ጠራ። ስሜ ሲጠራ እኔ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ነበር። ዞር ብዬ ሄድኩ። ቀስ ብዬ፣ ሽንቴ እንደመጣ ሰው። መንገድ ላይ ጋሽ ተሾመን አገኘሁትና ተሳፈርኩ፤ በዚያው ረዳቱ ሆኜ ቀረሁ። እሱም ብዙ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ አስቡት። እንደዚህ ያለ ሰው ማንን ያምናል?

ማንንም!

ሰላምታ የሚያረዝም ሰው ጆሮ ጠቢ ነው። ሰላምታ የሚያሳጥር ደግሞ የቸኮለ ጆሮ ጠቢ ነው። ሱቅ ውስጥ ከኋላዬ የቆመ ሰው ካሳለ ስኳሩን ሳልገዛ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ «ወንድሜ፣ ይሄ ፀጉር የደጋ ፀጉር ነው» ቢለኝ ግማሹን ተላጭቼ ተነስቻለሁ። ወላሂ ስላችሁ! ለሳምንት ባርኔጣ አድርጌ ዞርኩ።

ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው ግን ሼህ እንድሪስን ነበር።

ሼህ እንድሪስ መኪና የምናቆምበት ዋርካ ሥር ጥቁር ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከላይ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ከጭነቱም ከሾፌሩም በፊት የወረደውን ሰው ያያሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ አላቸው። ሁልጊዜ ያችው ናት።

«ኤሳ ሮቤ? የት ዘነበ?»

በቃ። «እንዴት ዋላችሁ» ይላሉ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ቀጥሎ የት ዘነበ። ሐርቡ ዘነበ ወይ? ኮምቦልቻስ? ደሴ በኩል ሰማዩ እንዴት ነው? ስታልፉ ነው የዘነበው ወይስ ስትመለሱ?

እስኪ ንገሩኝ። ይሄ የጤና ጥያቄ ነው?

እርሻ እንዳልላቸው እርሻቸው እዚሁ ታች ጨፋ ሜዳ ነው፣ ኮምቦልቻ አይደለም። ኮምቦልቻ ቢዘንብ ለሳቸው ማሽላ ምን ይፈይዳል? እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። እኛ አገር ዝናብ የዘነበበት ቦታ ነው የሚያርፈው፣ ሐይቁም የትም አይሄድም። ስለዚህ አሰብኩና ደረስኩበት። ሰውዬው የሚፈልጉት ዝናቡን አይደለም። «ሐርቡ ከሰዓት ዘነበ» ካልኩ ከሰዓት ሐርቡ እንደነበርኩ አወቁ ማለት ነው። የት ውዬ የት እንደገባሁ በዝናብ እያስቆጠሩኝ ነው!

ማስረጃም ነበረኝ። አንዱ ተሳፋሪ «ኮምቦልቻ ከባድ ዝናብ ጥሏል» ያላቸው ዕለት አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት፤ ሰውዬው ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያደርግ ወደ ታች ሮጠ። ወዴት ነው የሚሮጠው? ማን ጋ ነው መልእክቱ? እንግዲህ አትፍረዱብኝ።

እኔም መልስ አበጀሁ። «የት ዘነበ?» ሲሉኝ «ተኝቼ ነበር» እላለሁ።

በየቀኑ። ጋቢና ውስጥ ተኝቼ፣ ጭነት ላይ ተኝቼ፣ ቆሜ ተኝቼ። ሼህ እንድሪስ ራሳቸውን ይነቀንቁና «ያረቢ፣ ይሄን ልጅ ሐኪም ይየው» ይሉ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ልጃቸውን ወደድኩ።

ዋርካው ፊት ለፊት እናቷ ሻይ ቤት ነበራቸው፤ ሻይ የምትቀዳው ዘሐራ ናት። መቼም ባለቤቴ ይህን ታነበዋለችና ተጠንቅቄ ልጻፍ። ቆንጆ ነበረች። አሁንም ናት። ስትስቅ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣል ታደርጋለች። እኔን ስታይ ትስቃለች። እኔ ደግሞ ምን ያስቃታል ብዬ እጨነቃለሁ።

አንዳንድ ቀን ሻዬን በረንዳ ላይ ታቀርብልኛለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ገና ከመኪና ስወርድ ጠብቃ «ዛሬ ጓዳ ገብተህ ጠጣ፣ ውጭው ይሞቃል» ትለኛለች። ከሚሴ ሁልጊዜ ይሞቃል! ጓዳ ገብቼ በሩን እያየሁ እጠጣለሁ። አባቷ ልከዋት ልታናግረኝ ይሆን? ጓዳ ያስገባችኝ ልታስይዘኝ ይሆን? ሻዩን ሁለት ጊዜ እያሸተትኩ ነው የምጠጣው።

ያም ሆኖ ልቤ እንቢ አለ። ጋሽ ተሾመን ሽማግሌ ሁንልኝ አልኩት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከሁለት የሰፈር ሰዎች ጋር ሊሄድልኝ ቃል ገባ። ሼህ እንድሪስም ይህን ሰምተው «ልጁም አብሮ ይምጣ፣ ተኝቶ ካልሆነ» ብለው ላኩ። ሽሙጥ ነው። እኔ ግን ሽሙጥ መሆኑ አልገባኝም። «ለምን በአካል ፈለጉኝ?» ብዬ ስገላበጥ ከረምኩ።

ደረስን፤ ዋናው ዕለት ሐሙስ ነው።

ጊዜው ሰኔ ማለቂያ ነው። ጠዋት ጨው ልንጭን ኮምቦልቻ ወጣን። እዚያ ስንደርስ አፈሳ ነው! ወጣት የተባለ ሁሉ ከመንገድ እየተለቀመ ነው። ጋሽ ተሾመ አንድም ቃል ሳይናገር የጭነቱን ሸራ ገለጥ አደረገልኝ። ገባሁ። ሸራው ሥር ጨው ላይ በደረቴ ተኝቼ ሳለሁ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ በረዶ የቀላቀለ፣ ሸራውን በዱላ የሚደበድብ ዓይነት። እኔ ግን ደስ አለኝ። አፋሾቹ ለመጠለል ሲበታተኑ እኛ ወጣን።

ሐርቡን ስናልፍ ፀሐይ ነው። ከሚሴ ስንገባ ደግሞ አቧራ። መኪናው ደርቋል፣ እኔም ከሸራው ወጥቼ ደርቄያለሁ፤ የጨው ሽታ ብቻ ነው የቀረብኝ። ጋሽ ተሾመ ጎማ ሊያስጠግን እዚያው ወረደ።

ዋርካው ሥር ሼህ እንድሪስ አሉ።

«ኤሳ ሮቤ?»

በዚያ ቀን «ተኝቼ ነበር» ማለት አልበቃኝም። ኮምቦልቻ የሚለው ስም ከእኔ ጋር በአንድ አረፍተ ነገር እንዲነሳ አልፈለግኩም። ከአፈሳ አመለጠ የተባለ ሰው ቢፈለግስ? ስለዚህ ዓይናቸውን እያየሁ፣ ሳልተኛ፣ ዋሸሁ።

«ሼህ፣ ከሐርቡ ነው የተመለስነው። ላይ በኩልም ጠብታ የለም። ሰማዩ እንደ መስታወት ነው።»

መስታወቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ውሸት ሲጀመር ማሳመሪያው ራሱ ይመጣል።

የሽማግሌው ፊት ፈካ። «ዛሬ ነቅተሃል ማለት ነው፤ አላህ ይባርክህ» አሉኝ። ከዚያ አጠገባቸው ላለው ሰው በጆሮው ነገሩት፤ ሰውዬው ተነሳና ወደ ታች ሄደ። ይሄኛው አልሮጠም። እያፏጨ ነው የሄደው። እኔ በልቤ «ሂድ፣ ባዶ ወሬ ይዘህ ሂድ!» አልኩ። በጣም ነው የኮራሁት።

አሁን ነገ ሽማግሌ አለ። ጨው ጨው እየሸተትኩ አማቶቼ ቤት አልገባም። ያለችኝን አንዲት ደህና ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ይዤ፣ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬን ጀማልን አስከትዬ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድኩ። ልብሴንም ገላዬንም ልታጠብ ነው፤ እግረ መንገዴንም ልዋኝ።

አሁን ስለ ዋናዬ ትንሽ ልኩራራ። ሐይቅ ያደገ ሰው ውሃ ያነባል። ነፋስ ከየት እንደሚነሳ፣ ደንገሉ ወዴት እንደተኛ፣ ውሃው የት ጠቆር የት ነጣ እንዳለ አይቼ መግባት አለመግባቴን እወስናለሁ። ሰው አምኜ ገብቼ አላውቅም። ቦርከና ዳርም ስደርስ እንደ ልማዴ ቆምኩና መረመርኩ። ውሃው ጎድሏል። ጥርት ብሏል። ድንጋዩ ከነሽበቱ ይታያል። እንጨት ጣልኩበት፣ እየተንቀራፈፈ ሄደ። እጄን ነከርኩ፣ ለብ ያለ ነው። ነፋስ የለም።

ጀማል ትዕግሥቱ አለቀ። «ሰይዶ፣ ውሃውን ልታገባው ነው እንዴ? ግባ እንጂ። ዛሬ ደህና ነው ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ሼህ እንድሪስ ልከዋል። አብሽር።»

እና እኔ፣ ማንንም የማላምነው ሰውዬ፣ በዚያን ሰዓት ምን አልኩ? እንግዲህ ሽማግሌው የአገሩን ወንዝ ሳያውቁት አይቀሩም አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሼህ እንድሪስን ቃል አመንኩ!

ሱሪውንና ሸሚዙን አጥቤ ድንጋይ ላይ አሰጣሁ። ቀሪውንም አጠብኩና አሰጣሁ። እናቴ እንደወለደችኝ ገባሁ። ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡት ከኩርባው በታች ነው፤ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ወዲያ ማዶ ድረስ ዋኝቼ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ጀማል ዋና አይችልም፤ ዳር ተቀምጦ እግሩን ይፈትጋል። ማዶ ልደርስ ስል በጀርባዬ ተንሳፈፍኩና እንደዋዛ ጠየቅኩት። ሼህ ውሃው ደህና መሆኑን በምን አወቁ?

«ከላይ የሚመጣውን ሰው ይጠይቃሉ። ኮምቦልቻ ከዘነበ እዚህ ሳይዘንብ ወንዙ ይሞላል። ከዘነበ ሰው ልከው ያስወጡናል፣ ካልዘነበ ታጠቡ ይላሉ። ዛሬ ከሐርቡ የመጣ ሰው ጠብታ የለም፣ ሰማዩ እንደ መስታወት ነው ብሏል አሉ።»

እንደ መስታወት።

ውሃው ውስጥ እያለሁ ላብ አሰመጠኝ። የሚሮጠው ሰውዬ። ያችው አንዲት ጥያቄ። ሐይቅ የትም አይሄድም፤ ወንዝ ግን ይመጣል። ይሄን ያህል ጊዜ ያልገባኝ ነገር ራቁቴን በጀርባዬ ተንሳፍፌ ገባኝ።

«ጀማል! ውጣ! ዘንቧል!»

«ማን አለ?»

«እኔ! አይቻለሁ! ውጣ!»

ጀማል አፉን ከፍቶ ያየኛል። ይሄኔ ከላይ በኩል ድምፅ ተሰማ፤ መኪና ሽቅብ ሲያጓራ የሚመስል፣ ግን የማያቆም። ጀማል ዘሎ ወጣ። እኔ ቅርብ የነበረው ማዶ ነውና ማዶ ወጣሁ።

ኩርባው ጋ ግን ሴቶቹ አሉ።

እናም ሳቃቸው ይሰማኛል። ከሳቆቹ አንዱን አውቀዋለሁ። ዘሐራ ናት። ለነገ ሽማግሌዎች የሚነጠፈውን ጨርቅ ልታጥብ፣ አባቷ «ዛሬ ወንዙ ደህና ነው» ስላሉ ነው የወረደችው። አባቷ ያሉት ደግሞ እኔ ስላልኩ ነው።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። እኔን ውትድርና ቢወስደኝ ይሻል ነበር አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ሮጥኩ። በማዶው ዳር፣ በእሾሁ በድንጋዩ፣ እየጮህኩ። ኩርባውን ስዞር ዘሐራ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ውሃው መሀል ቆማ ጨርቅ ታለቀልቃለች፤ ከሌሎቹ ሁሉ ወደ ውስጥ የገባችው እሷ ናት። «ውጡ! ጎርፍ! ውጡ!» እያልኩ እጄን አወናጨፍኩ።

ሁለቱንም እጄን። ይህን ስታነቡ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችሁ።

ሴቶቹ ቀና አሉና አዩኝ። አንዷ «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ሌላዋ ቅሏን ጥላ ሮጠች። ከዚያ ሁሉም ጨርቅ ሳሙናቸውን እያፈሱ ወደ ዳገቱ ሸሹ። ዘሐራም ጨርቁን እየጎተተች፣ ፊቷን አዙራ፣ ወጣች። ዳገቱን እንደያዘች ቡናማው ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ቆማበት የነበረውን ቦታ ሸፈነው።

ዛሬ ጀልባው ላይ ይህ ቦታ ሲደርስ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ?

«እኔ ከውሃው የወጣሁት ጎርፉን ፈርቼ አይደለም። እሱን ፈርቼ ነው።»

አማቶቻችን ጀልባዋን ሊገለብጧት ምንም አልቀራቸውም። ቪዲዮው ላይ የኔ ፊት እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

ተረኩን ልጨርስ። ሰው ሁሉ ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ። ያልተረፈው የእኔ ልብስ ብቻ ነው። ሱሪዬ ከነነጭ ሸሚዜ ወደ አፋር ወረደ። እኔ ደግሞ ማዶ ቀረሁ። በእኔና በከሚሴ መሀል ያ ሁሉ ውሃ።

አንድ ቁጥቋጦ አገኘሁና ከኋላው ተቀመጥኩ። እሾህ አለው። ቢሆንም ሌላ ምርጫ የለኝም።

ከዚያ ሕዝቡ መጣ። በወንዙ ማዶ ራቁቱን የሚሮጥ ሰው አለ ሲባል ከተማ ውስጥ ማን ይቀራል? ሻይ ቤቱ መጣ፣ ሱቁ መጣ፣ ግማሽ የላጨኝ ፀጉር አስተካካይ መጣ። ጋሽ ተሾመ ጎማውን ትቶ መጣ። ከሁሉም ፊት ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሼህ እንድሪስ ቆሙ። ጀማል ጆሯቸው ጋ አንድ ነገር ይነግራቸዋል። ምን እንደሚነግራቸው አውቃለሁ።

ሽማግሌው ወደ ቁጥቋጦው ዞሩ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ከበብ አድርገው በዚያ ሁሉ ውሃ ላይ ተጣሩ።

«ሰይድ! ኤሳ ሮቤ?»

ለዚህ ጥያቄ ስንት ጊዜ ተኝቻለሁ። አሁን መተኛት አይቻልም። መልስ ብሰጥ በከሚሴ ሕዝብ ፊት፣ ምናልባትም በእውነተኞቹ ጆሮ ጠቢዎች ፊት፣ የት እንደዋልኩ በጩኸት መናገሬ ነው። ከቁጥቋጦው በላይ አንገቴን አወጣሁ።

«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ ነው የዘነበው! በረዶ አለው! እዚያው ነበርኩ!»

እንዴት እንደሳቁ! ሳቁ ከወንዙ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። ሼህ እንድሪስ ብቻ አልሳቁም። ተራ ዜና እንደተቀበለ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁና ጃንጥላቸውን አጥፈው ሄዱ። የመሄዳቸው ነገር ከሳቁ ይልቅ ጎዳኝ። ዘሐራ የለችኝም፣ በቃ አልኩ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ውሃው ጎደለ። ማዶ ከብት የሚጠብቁ ሰውዬ ሽርጥ ሰጡኝ፤ ለእሳቸው ቁመት የተቆረጠ ነው፣ እኔ ጋ ጉልበቴን አልፎ አልወረደም። እሱን አገልድሜ ተሻገርኩ። ከተማ መግቢያው ላይ ሼህ እንድሪስ ብቻቸውን ቆመው ይጠብቁኛል።

እዚያው እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ፤ ሽርጡ አልፈቀደልኝም። ቆሜ «አፉ በሉኝ» አልኳቸው። ጆሮ ጠቢ መስለውኝ እንደነበር፣ ስሜ ሐይቅ መጠራቱን፣ ሸሽቼ መምጣቴን፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

ሽማግሌው እስክጨርስ ሰሙኝና ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

«ልጄ፣ ሸሽተህ መምጣትህን ከሚሴ ያልሰማ የለም። የቀበሌ ሰዎች ሻይ ቤት በሚውሉበት ቀን ጓዳ የምትገባው ለምን ይመስልሃል? አንተን ለመስጠት ከሆነ ስንት ጊዜ ሰጥተንህ ነበር። እኔ የጠየቅኩህ ዝናቡን ነው።»

አለቀስኩ። ይህን ዘሐራም አታውቅም፤ አሁን አወቀች።

ሻዩን አሽትቼ የጠጣሁባቸው ቀኖች ሁሉ ትዝ አሉኝ። «ውጭው ይሞቃል» ያለችኝ ቀኖች። ደህና ሰዎች ከበው ደብቀውኝ ሳለ እኔ በሩን በሩን አይ ነበር። የማያምን ሰው ብልጥ ይመስለዋል፤ ለካ የሚደረግለትን እንኳ ማየት የማይችል ዕውር ነው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ እኔም በጀማል ሱሪ ሄድኩ። ጀማል አጭር ነው። ሼህ እንድሪስ ጥሎሽም ምንም አላነሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ከላይ በመጣሁ ቁጥር፣ ከማንም በፊት እሳቸው ጋ ቆሜ የት እንደዘነበ በእውነት እንድናገር። «ልጄን የምሰጠው ወንዝ ለሚታጠብ ሰው ለሚያስብ ነው» አሉ።

እስኪሞቱ ድረስ ነገርኳቸው። ጠብታም ብትሆን። አንዳንዴ ዝናብ ሳይኖር ዳመና አይቼ እጨምርላቸው ነበር፤ እሱንም «ዳመናና ዝናብ ለየው» ብለው ይቆጡኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር የት እንደጣለ ሳልናገር እንቅልፍ አይወስደኝም። ዘሐራ መስማት ከሰለቻት ለግድግዳው እናገራለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ትምህርት የተማረ ሰው ዛሬ ባለጀልባውን «ለምን ፈለግከው?» ይላል?

ይላል። ይኸው አለ! አመል ጎርፍ እንኳ አይወስደውም፤ ጎርፍ የሚወስደው ሱሪ ብቻ ነው።

ባለጀልባውን ኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት። በደሴ በኩል እንደመጣን፣ መንገዱ ዳር ያለው ገደል ላይ ነፋስ እንደነበር፣ ከበስተ ሰሜን ዳመና እንዳየሁ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰማዩን አየና ቶሎ እንመለስ አለ። ዳር ደርሰን ብዙም ሳንቆይ ሐይቁ ተናወጠ። የልጄ አማት ይህን አልቀረጸም። የሚቀርጸው ምን እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

እሺ፤ የእናንተ ተራ ነው። በእናንተ በኩል ዘነበ? የት? ስንት ሰዓት ላይ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ለምን እንደምጠይቅ የጠረጠራችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ሎኬሽኔን እንዳጠፋሁ ነው። ብቻ እውነቱን ጻፉ። ከታች የሚታጠብ ሰው ይኖራል።